ጠብቆ የሚነበበው ቃል

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ተሸክማ መጣች። የእትዬ ሶስና ወረቀቶች ናቸው። እትዬ ሶስና በሶዶ ዙሪያ ያሉትን አማኝ ሴቶች መጀመሪያ ያሰባሰቡ ሰው ነበሩ፤ አሁን የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች ታሪካቸውን ሊያሰናዱ ነው። ሣጥኑ ሲከፈት የጎጆ ጭስ ሸተተኝ። ዓይኔ ግን የሄደው ጽሕፈቱ ላይ ነው፤ ያ ክብ ክብ ያለ የልጅነት ጓደኛዬ የማርታ ፊደል። ማርታ ከሞተች ዘመን አልፏል፣ እኔም ጥርስ አልቀረኝም፤ ቢሆንም ቅናቴ አልሞተም።

ነገሩ ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። አባቴ ከሰሜን መጥቶ ሶዶ የቀረ የአገረ ገዥው ጸሐፊ ነበር። ከጓደኞቼ ሁሉ ቀድሜ ፊደል የቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ ይህንንም ሳልናገር አልውልም ነበር። እትዬ ሶስና መጻፍ ስለማይችሉ የሚሉትን የሚጽፍላቸው ሰው ሲፈልጉ፣ ከእኔ ሌላ ማን አለ ብዬ ተኩራርቼ ጠበቅሁ። የመረጡት ማርታን ነው፤ ወደ ቦዲቲ መውጫ ያደገችውን፣ አማርኛን ከእኔ አፍ የለቀመችውን ልጅ።

«የጸሐፊው ልጅ አፉ ይፈጥናል» አሉ። አፋቸውን የፈቱት በወላይትኛ ስለሆነ አማርኛ ሲናገሩ ሴቱንም ወንዱንም አንድ ያደርጉታል። «ማርታ ግን ይሰማል።»

እሷን «ታ ሚቼ»፣ እህቴ ማለት ነው፣ እያሉ ይጠሯታል። እኔ ያው የጸሐፊው ልጅ ነኝ። የተቀቀለ የቦዬ ሥር በዳጣ ሲቀርብ እንኳ ትልቁ ቁራጭ ለእሷ ነው። ቅናት ምግብ ይዘጋል ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ እሷን እያየሁ ድርሻዬን ጥርግ አድርጌ እበላ ነበር።

በልግ ገብቶ የዳሞታ ተራራ ግርጌ ጭቃ እግር በሚይዝበት ሰሞን የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጉባኤ ተቀመጡ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሴቶች ከኋላ ሆነን እንዘምራለን እንጂ አፍ አውጥተን አንናገርም። እትዬ ሶስና ይህን ሊያስቀሩ ቆርጠው፣ «ሴቶች በጉባኤ ይሰማሉ» የሚል ቃል አስጽፈው መጡ። ቃላችን ይደመጣል ማለታቸው ነው። ማርታ ለማንበብ ብቻ ተፈቅዶላት ቆማ አነበበች። ፍርሃት ይዟት «ይሰማሉ»ን አላላችው። ሲላላ ደግሞ ሴቶች ያዳምጣሉ ማለት ይሆናል።

ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው። «ይስሙ እንጂ፣ ማን ከለከላቸው?» አሉና ወደ ሌላ ጉዳይ ሊያልፉ ሆነ። እትዬ ሶስና ነገሩ እንዲህ በቀላሉ ማለቁ ግራ ገብቷቸው ዞር ዞር ይላሉ። እኔ ደስ አለኝ። ይኸው የሚሰማው ማርታ፣ አልኩ በሆዴ። ግን ስህተቱን እኔ ብቻ አውቄ፣ ማወቄን ማንም ሳያውቅልኝ ሊቀር ነው። ይሄ አንገበገበኝና ብድግ አልኩ።

«ቃሉ ይጠብቃል» አልኩና አጥብቄ ደገምኩላቸው። «የምንናገረው ይደመጣል ነው የሚለው።»

ጉባኤው ተንጫጫ። ሴት እንዴት ትናገራለች ተባለ። ዱላቸውን የተደገፉ አንድ ሽማግሌ ግን ሳቃቸው መጣ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል» አሉ፣ እሳቸውም እንደ እትዬ ሶስና ሴቷን ወንድ አድርገው፤ «ተናገረ፣ እኛም ሰማን። አለቀ።»

ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ ሶስና «የጸሐፊው ልጅ ደህና ተናገረ» አሉኝ። ጭቃው እንዳይጥላቸው የያዙት ግን የማርታን ክንድ ነበር።

የልጅ ልጄ ያንኑ በጉባኤው የተነበበውን ወረቀት ከሣጥኑ አውጥታ አነበበችልኝ። እሷም አላላችው። «እማማ፣ ሴቶች ዝም ብለው እንዲያዳምጡ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ድካም?» አለችኝ።

አጥብቂው አልኳትና ነገሩን ነገርኳት። በሣጥኑ ሙሉ ወረቀት ውስጥ የእኔ ስም የለም፤ ፈልጋ አጣችው። እርሳሷን ተቀብዬ ከ«ሰ» እና ከ«ማ» አናት ላይ የማጥበቂያ ነጥብ አደረግሁ።

«እማማ፣ የታሪክ ወረቀት እኮ አይነካም» አለችኝ።

ነክቼዋለሁ። በማርታ ክብ ክብ ፊደል ላይ የእኔ ነጥቦች ትንሽ ጠመም ብለው ተቀምጠዋል፤ ያለ እነሱ ግን አይነበብም።