ሁለት ሚክስ ከአንድ ቤት

ባለቤቴ አዲስ አበባ እያለ ስቱዲዮ ውስጥ ይሠራ ነበር። እሱ ራሱ ምንም መሣሪያ አይጫወትም፤ ሥራው ሌሎች የተጫወቱትን ማስማማት ነው። ከበሮው ለብቻ፣ ጊታሩ ለብቻ፣ የዘፋኙ ድምፅ ለብቻ ተቀርጾ ይመጣለታል። እሱ አንዱን ዝቅ፣ ሌላውን ከፍ አድርጎ፣ ቦታ ቦታቸውን አስይዞ አንድ ዘፈን ያደርጋቸዋል። ሚክስ ማድረግ የሚሉት ይህን ነው። ቶሮንቶ ከመጣን በኋላ ኢቶቢኮ፣ ኤርፖርቱ አካባቢ ዌርሀውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ሥራ ስለገባ ሚክሱ የእረፍት ቀን ሥራ ሆነ።

እኔ ደግሞ ከእሱ ተጋባብኝ። መጀመሪያ ከጎኑ ቁጭ ብዬ መስማት ብቻ ነበር። ቀስ እያልኩ «ድምፁ ከጊታሩ ኋላ ቀረ» ማለት ጀመርኩ። በመጨረሻ የራሴን ላፕቶፕ ይዤ መኝታ ቤት ገባሁ። ቀን ላይ የምሠራው ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ የደም ናሙና ተቀብዬ እለያለሁ። ሚክስ ሳደርግም ያው መለየት ስለሆነ መሰለኝ አልከበደኝም።

አንድ የካቲት ላይ በኢንተርኔት የሚካሄድ የሚክስ ውድድር አገኘን። አዘጋጆቹ የአንዲት ትንሽ ባንድ ዘፈን ተለያይቶ እንደተቀረጸ ይልካሉ። ከየአገሩ ያለ ሰው ያንኑ ዘፈን በየራሱ ጆሮ ያቀናብራል፤ ዳኞቹም ማን እንደሠራው ሳያውቁ ይሰማሉ። ዘፈኑ ገና ያልወጣ ስለሆነ ከዚያ በፊት ሰምቶት የሚያውቅ የለም። አንዲት ሴት ስለተሸጠ ቤት የምትዘፍነው ነው። ሁለታችንም ተመዘገብን።

ደንቡ ረጅም ነበር። እኔ ሻይ ቀድቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ፋይሉ ያልተጨመቀ፣ ዌቭ የሚባለው ዓይነት ይሁን ይላል። በፋይሉ ላይ የተሰጠን ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም። መሣሪያ መጨመር አይቻልም፤ የዘፈኑን ፍጥነት ወይም ቅኝት መለወጥም አይቻልም። ሳምፕል ሬቱ፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተለካ የሚናገረው ቁጥር፣ አርባ ስምንት ሺህ መሆን አለበት። ከሁሉ በታች ደግሞ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ብቻውን እንዲሠራና የሌላ ሰው እርዳታ የተቀበለ ከውድድሩ እንደሚወጣ ተጽፏል።

«አነበብከው?» አልኩት።

«አየት አድርጌዋለሁ። ዋናው ጆሮ ነው።»

«የመጨረሻዋንስ? ብቻችሁን ሥሩ ነው የሚለው።»

«ታዲያ ብቻችንን እንሠራለና።»

«እዚህ ቤት ውስጥ?»

ዞር ዞር ብሎ ቤቱን አየ። ቶርንክሊፍ ፓርክ ያለው አፓርትመንታችን ባለ አንድ መኝታ ነው፤ ግድግዳው ከካርቶን ትንሽ ይሻላል። ያለን ጥሩ ሄድፎን አንድ፣ ስፒከር አንድ ጥንድ ብቻ ነው። እናም ተደራደርን። በእረፍት ቀን ጠዋት የእኔ ተራ፣ ከሰዓት በኋላ የእሱ። ተራ ያልደረሰው ወይ ልብስ ይዞ ምድር ቤት ላውንደሪ ይወርዳል፣ ወይ እግሩን ያፍታታል። እራት ላይ ስለ ዘፈኑ ማውራት ክልክል ሆነ።

የመጀመሪያው እራት ላይ የምናወራው አጣን። ስለ ብርዱ አወራን፤ ስለ እሱ ሱፐርቫይዘር አወራን፤ ከዚያ ሳህኑን አነሳን። ዕቃ ሲያጥብ ያንን ዘፈን ማንጎራጎር ያመልጠው ጀመር። እኔ ከማውቀው ዘገም ያለ መሰለኝ፤ ሳህን እያጠበ ስለሆነ ነው ብዬ ተውኩት።

ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ አንድ አባት ይኖራሉ። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥተው እዚህ የደረሱ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሆቴል ኩሽና ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አንድ እሑድ፣ ባለቤቴ ለስላሳ ሊገዛ በወጣበት፣ በራችንን አንኳኩ። እኔ ደነገጥኩ።

«አባባ፣ ረብሸንዎት ነው አይደል? ይቅርታ ያድርጉልን።»

«ኧረ አልረበሻችሁኝም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። እነዚህ የሚዘፍኑት ሴቶች እናትና ልጅ ናቸው?»

«አንዲት ሴት ናት አባባ።»

«የለም» አሉ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው። «ጠዋት የምትዘፍነው ልጅ እግር ናት። ከሰዓት በኋላ የምትዘፍነው ግን ጠና ያለች፣ ሐዘን ያየች ሴት ናት። እኔ ትልቋን ነው የምወዳት።»

ቅር አለኝ። ከሰዓት በኋላ የባለቤቴ ተራ ነው። ያው ስቱዲዮ ያደገ ሰው ነው፤ ያችኑ ልጅ ወስዶ በሙያው ሐዘን የገባት ሴት አደረጋት ማለት ነው አልኩ። በሚቀጥለው ተራዬ ቁጭ ብዬ የዘፋኟን ድምፅ ማወፈር ያዝኩ። ቀጭን ቀጭኑን ቀነስኩ፣ ከሥር ያለውን ከፍ አደረግኩ። ሳዳምጠው ዕድሜዋ ትንሽ ገፋ ያለ መሰለኝና ደስ አለኝ።

መላኪያው ቀን እሑድ ነበር። ሐሙስ እለት እኔ ከሥራ ቀደም ብዬ ገባሁና የራሴን ላክሁ። ወዲያው ባለቤቴ ከሥራ ደወለ።

«እኔም ጨርሻለሁ። ላፕቶፔ ላይ አለ፣ አፕሎድ አድርጊልኝ። ኦቨርታይም ስላለኝ ጊዜ አላገኝም። እንዳትሰሚው ብቻ።»

ፋይሉን አገኘሁት። ስሙ «ፋይናል፣ የእውነት ፋይናል» ይላል። እኛ ላብራቶሪ ስሙ በትክክል ያልተጻፈበት ቱቦ አያልፍም፤ እጄ ለምዶበት ሳላጣራ ምንም አልልክም። የፋይሉን ዝርዝር ከፈትኩና ሳምፕል ሬቱን አየሁ። አርባ አራት ሺህ አንድ መቶ። እንዲህ እንዳለ ከላክሁት ማንም ሳይሰማው ይጣላል።

ስልኩን አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ብነግረው እርዳታ ነው? ደንቡ እርዳታ የተቀበለ ይወጣል ይላል፣ ምን ዓይነት እርዳታ እንደሆነ ግን አይልም። ነግሬው ቢያስወጡትስ? ዝም ብዬው ቢወድቅስ? ላፕቶፑ ፊት ቁጭ ብዬ ብዙ አሰብኩና ለአዘጋጆቹ ኢሜይል ጻፍኩ።

ባለቤቴ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ጠየቀኝ።

«ላክሽልኝ?»

«አልላክሁም።»

«ለምን? ምን ሆነ?»

«መናገር እችል እንደሆነ ጠይቄያለሁ። መልስ እየጠበቅኩ ነው።»

ጃኬቱን እንደያዘ ቆመ። «ማንን ነው የጠየቅሽው?»

«አዘጋጆቹን።»

«ባልሽን ለማናገር ፈቃድ ጠየቅሽ?»

«ስለ ፋይሉ ብቻ ነው። ስለ ሌላው እንደ ልብህ አናግረኝ።»

ሳቀ፤ ግን ትንሽ ተቆጥቷል።

መልሱ አርብ በምሳ ሰዓት መጣ። እስካሁን ይህን የጠየቀን ሰው የለም ብለው ይጀምራሉ። ደንቡን ማስታወስና የፋይሉን ዓይነት ማየት ማንም ሊረዳበት ይችላል፤ ስለ ድምፁ ግን ሐሳብ መስጠት አይፈቀድም ይላል። ደስ ብሎኝ ባሱ ውስጥ ደጋግሜ አነበብኩት።

«ሳምፕል ሬትህ ልክ አይደለም» አልኩት እቤት እንደገባሁ።

«በቃ ይኼ ነው? ለዚህ ነው እንቅልፍ ያሳጣሽኝ? አንድ ቦታ መቀየር ነው እኮ።»

ላፕቶፑን ከፈተና ቁጥሩን ቀየረ። እኔ ኩሽና ግማሹን ሽንኩርት ጥጄ የቀረውን እየከተፍኩ ነው። ቼክ ለማድረግ ያህል ስለሆነ በስፒከሩ ለቀቀው። ከበሮው ገባ፣ ጊታሩ ገባ፣ ልጅቷ መዝፈን ጀመረች። እኔ የማውቀው ዘፈን ነው። ባለቤቴ ግን አቆመው፤ ከመጀመሪያው ለቀቀው፤ እንደገና አቆመው።

«ይህቺ ማናት?» አለ።

ቢላዋውን ይዤ ወጣሁ። «እንዴት ማናት? ዘፋኟ ናታ።»

«አይደለችም። የእኔዋ እንዲህ አትቸኩልም።»

ነገሩ ቀድሞ የገባው ለእሱ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተሩን በትንሹ ቁጥር አስተካክሎት ስለነበር፣ በትልቁ ቁጥር የተቀረጸውን ዘፈን ያዘገየውና ድምፁን ያወፍረው ነበር። ያን ሁሉ ሳምንት ሚክስ ያደረገው የሌለች ሴት ድምፅ ነው። እኔ የአባባን ጥያቄ ነገርኩት። እናትና ልጅ ናቸው ወይ ማለታቸውን ሲሰማ ሶፋው ላይ ተደፋ። ስንስቅ ሽንኩርቱ አረረ።

ሳቁ ሲበርድ ግን ፊቱ ጠቆር አለ። ዘገምተኛውን መልሶ ከፈተልኝ። የእኔ ስለተላከ አሁን ብሰማ ችግር የለውም። በጣም ያምራል። ዘፋኟ የምትለው ቃል ሁሉ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ በየመካከሉ ያለው ጸጥታ ራሱ ዘፈን ነው።

«ይህንኑ ብልከውስ?» አለ። ወዲያው ራሱ መለሰ። «ፍጥነት መለወጥ አይቻልም ይላል አይደል?»

«እኔ ደንቡን ብቻ ነው የማስታውስህ።»

ቅዳሜ ኦቨርታይሙን ተወና እንደ አዲስ ጀመረ። ለዘገምተኛው ዘፈን የሰፋው ልብስ ለፈጣኑ አይሆንም ነበር፤ የድምፁ ማስተጋባት ሁሉ ተደራርቦ ይረባበሻል። አንዳንዴ ከመኝታ ቤት ሆኜ ሲያጉረመርም እሰማለሁ። ምግብ አቀርብለታለሁ፣ ቃል አልተነፍስም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ጠራኝ። ደንቡን ስልኬ ላይ ከፍቼ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

«ዌቭ?»

«ዌቭ።»

«ስም?»

«ቁጥሩ ብቻ።»

«የተጨመረ መሣሪያ?»

«የለም።»

«ሳምፕል ሬት?»

«አርባ ስምንት።»

«ፍጥነት?»

«የልጅቷ» አለና ላከው።

ከዚያ ብስኩት ይዘን ወደ አባባ ወረድንና የሆነውን ነገርናቸው። ሻይ አፍልተው በጥሞና ሰሙን።

«እንግዲህ እናንተ የተማራችሁት ነው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ግን ሁለት ሴቶች ሰምቻለሁ።»

ውጤቱ የወጣው በረዶው ቀልጦ ሰው ጃኬቱን መጣል ሲጀምር ነው። አዘጋጆቹ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ዳኞቹ ያሉትን አጭር አስተያየት ይልካሉ። የሁለታችንም ፋይል የደንቡን ፍተሻ አልፏል። ወደ ሁለተኛው ዙር የገባው ግን እሱ ነው። አንዱ ዳኛ እንዲህ ብሏል፤ ዘፈኑ ፈጣን ሆኖ ሳለ ዘፋኟ አትቸኩልም፤ በየቃሉ መካከል የተተወላት ቦታ ደስ ይላል።

የእኔን ከፈትኩ። መሣሪያዎቹ ጥሩ ተመጣጥነዋል ይላል፤ የዘፋኟ ድምፅ ግን ያለምክንያት ወፍሯል፣ ልጅነቷ ጠፍቷል። አንብቤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። አንገበገበኝ። ያቺን የሌለች ሴት እሱ ሳያውቅ ፈጥሯት እኔ አውቄ ስከተላት ነበር። ባለቤቴ አንስቶ አነበበውና ከንፈሩን ነከሰ።

«ሳቅ በቃ» አልኩት።

«አልሳቅሁም።»

«ልትስቅ ነው።»

ሳቀ። እኔም ሳላስበው አብሬው ሳቅሁ።

በሁለተኛው ዙር ከመካከለኞቹ ጋር ጨረሰ። እሱም በፊት የፈለገው ማለፉን ብቻ ስለነበር ብዙ አልከፋውም። ያን ውጤት የሰማንበት ቀን ግን ፀሐይ ወጥታ ስለነበር ከአፓርትመንታችን ጀርባ ወዳለው ሸለቆ በእግር ወረድን። ወንዙ ሞልቶ ይጮሃል፣ ሳሩ ገና ቢጫ ነው። ባለቤቴ ከመጀመሪያው ዙር የተላከለትን የዳኛውን አስተያየት እየሄደ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ደገመው። ሊሠልስ ሲል ስልኩን ከእጁ ወስጄ ኪሴ ከተትኩትና ስለ ሌላ ነገር እያወራን ቀጠልን።