መሐረብ ያለበት ወንበር

ሙዚየም በሆነው አሮጌው የኮልካታ ትራም ጋራዥ፣ አንድ አዛውንት ዘወትር ቅዳሜ ጥቁር ጃንጥላቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው የቆመው ትራም ላይ ይሳፈራሉ። መስኮቱ ጋ ይቀመጡና ከጎናቸው ያለው ወንበር ላይ መሐረባቸውን ያነጥፋሉ። እኛ ዘንድ መሐረብ የተነጠፈበት ወንበር ተይዟል ማለት ነው።

ዛሬ እግሬን ቢደክመኝ እዚያው ልቀመጥ ስል፣ «ሰው አለው!» ብለው ጮኹብኝ።

«የታለ ሰውየው?»

«ሚስቴ ናት። የምትሳፈረው ከሚቀጥለው ፌርማታ ነው።»

አስጎብኚው ቢማል ሳቀ። «ጋሼ፣ ይሄ ትራም እኮ ከቆመ ሠላሳ ዓመቱ ነው!»

«ታዲያ እሷስ መቼ በሰዓቱ ደርሳ ታውቃለች?»

መዝጊያ ሰዓት ሲደርስ መሐረባቸውን በጥንቃቄ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ እንደ ማንኛውም የድሮ የኮልካታ ሰው፣ ትራሙ እስኪቆም ሳይጠብቁ ዘለው ወረዱ፤ እንዳይወድቁም ሦስት እርምጃ ሮጡ።