የተዘረጋው ካርቶን

እኔ ሰው አልረግምም፤ ትርፌን ግን እረግማለሁ። ስለ እህቴ ስለ ጣቢታ ላወራ ተነስቼ ከትርፌ የጀመርኩት አንጀቴ ስላረረ ነው።

በደርግ ጊዜ ጣቢታ ሆሳዕና ውስጥ አንደኛ ክፍል ታስተምር ነበር። ቤታቸው ሀዲይኛ ሲናገሩ ያደጉት ልጆች «ሉል»፣ «ኩብ» ሲባሉ ዓይናቸው ይፈጣል። እሷ ታዲያ ጭቃ፣ ድንች፣ የቀርከሃ ቁራጭ ተሸክማ ትገባለች። ጣውላ አዘንብላ «የትኛው ይንከባለላል? የትኛው ይንሸራተታል?» ስትል ክፍሉ በጩኸት ይናጋል። ጭቃውን አድቦልቡለው ሉል ይሠሩና መልሰው ጎን ጎኑን እየጠፈጠፉ ኩብ ያደርጉታል። «ያልዳሰሱትን ከየት ያውቁታል?» ትል ነበር።

ትርፌ የጎረቤት ክፍል አስተማሪ ናት። እኛ ቤት በልታ ጠጥታ፣ ማስተማሩንም ከጣቢታ ነው የለመደችው፤ እህቴ ምንም አልሰሰተችባትም። አንድ ቀን ጣቢታ የሳሙና ካርቶን ጠርዙን ቀድዳ ዘረጋችላት።

«አየሽ? ስድስቱም ፊት ወጣ!»

«ውይ፣ መስቀል መሰለ እኮ!» አለች ትርፌ። ሦስታችንም ሳቅን።

ጣቢታ ያንኑ ለልጆቹ ባሳየች ማግስት የቀበሌ ስብሰባ ተጠራች። «ጴንጤዋ መምህርት ሕፃናትን መስቀል ታስቆርጣለች» ተባለ። ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ ነበርና ይህ ከሥራ የሚያስባርር ክስ ነው። ማን እንደጠቆመ ያኔ አላወቅንም።

ጣቢታ ለማስረጃ የቀረበውን ካርቶን ከሰብሳቢው ተቀብላ፣ አጥፋ ሳጥን አደረገችው። ሰዉ ሳቀ። ሰብሳቢውም ለዘብ ብሎ «ጓድ ትርፌ፣ እንዲህ ሲታጠፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለ። የእህቴ ፊት በራ፤ ተርፌያለሁ ብላለቻ!

ትርፌ ተነሳች። «ጥቆማውን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ሲታጠፍ ገና ዛሬ ማየቴ ነው።»

ኧረ እግዚኦ! ይሁዳ እንኳ ሄዶ ታንቋል። ይቺ የእህቴን ክፍል ተረከበች እንጂ!

ጣቢታ ተባርራ ሌሞ ገጠር እናታችን ዘንድ እንሰት ስትፍቅ ከረመች። አንድ የገበያ ቀን ትርፌ «ጣቢትዬ!» ብላ ጉንጯን አስጠጋች። እህቴ ሳመቻት! ስትሄድልን ጠብቄ «ጤና የለሽም እንዴ? ምኗን ነው የምትስሚው?» ብዬ ጮህኩባት።

«ዝም በይ» አለችኝ፣ እንባዋ ግጥም ብሎ። «ልጆቼ እሷ እጅ ናቸው። ባኮርፋት እልኋን በእነሱ ትወጣለች።»