ከነጥፍሩ የታተመ አውራ ጣት

ለሳኙን ሰፈሩ ሁሉ ጀሶ ይለዋል፤ ከቅንድቡ ላይ ነጭ ብናኝ ጠፍቶ አያውቅማ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ግድግዳ ሲያሳምር ኖሯል። አሁን ግን እርጥብ ልስን ሲሸተው ያቅለሸልሸዋል።

ነገሩ የጀመረው ትምህርት ቤት ነው። የአንደኛ ክፍል ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ ይሰነጠቃል፤ ጀሶ ይደፍነዋል፤ ዓመቱ ዞሮ ትምህርት ሊከፈት ሲል ያው ስንጥቅ እዚያው ቦታ ይጠብቀዋል። አራት ጊዜ ደፈነው። ሥራውን የሚያመጣለት ተቋራጩ ታላቅ ወንድሙ በየጊዜው ሲሚንቶውን ይረግማል፣ ገዝቶ ያመጣው ራሱ መሆኑን ረስቶ።

ዘንድሮ ጀሶ ስንጥቁን ተከትሎ ወደ ውጭ ወጣ። ስንጥቁ ግድግዳው ላይ አላበቃም። ኳስ ሜዳውን አቋርጦ፣ አስፋልቱን ተርትሮ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የጋራዥ ወለል ለሁለት ከፍሎ በክር እንደተሰመረ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ጎረቤቱን ጠየቃቸው። እሳቸውም የመሬት የላይኛው ቅርፊት አንድ ወጥ ድንጋይ እንዳልሆነ፣ በትልልቅ ንጣፎች የተከፋፈለ እንደሆነ ነገሩት። ከሥር ያለው አለት ከሙቀቱ የተነሳ እጅግ ቀስ ብሎ ይፈስሳል፤ ንጣፎቹም ይንቀሳቀሳሉ። አንዱ ቦታ ተጋጭተው ተራራ ያቆማሉ፣ ሌላው ቦታ ጎን ለጎን ይተሻሻሉ፣ እነሱ ሰፈር ሥር ደግሞ ይለያያሉ። ፍጥነታቸው ጥፍር የሚያድገውን ያህል ነው።

«ታዲያ በዚህ ፍጥነት ቤት ይፈርሳል እንዴ፣ ጋሼ?»

«ሁሌ እኩል አይሄድማ፣ ልጄ። ሲወጠር ሲወጠር ይከርምና አንድ ቀን ይለቃል። ቀኑን ደግሞ ማንም አይነግርህም።»

ጀሶ የድሮ ለሳኞች የሚያደርጉትን አደረገ። ስስ መስታወት ቆርጦ በስንጥቁ ላይ አጋደመ፤ ሁለቱን ጫፎች በተቦካ ሲሚንቶ፣ በቡኮ፣ ለጥፎ በአውራ ጣቱ ተጫናቸው። መስታወት አይለጠጥም፤ ግድግዳው የፀጉር ያህል ቢከፈት ይሰበራል። ከተሰበረ ክፍሉ ሊዘጋ፣ ካልተሰበረ ሰኞ ልጆች ሊገቡ ከርዕሰ መምህርቷ ጋር ተስማሙ። ከሚገቡት አንዷ የራሱ ልጅ ናት።

አርብ ጠዋት መስታወቱ ደህና ነበር። ወንድሙ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «በል እንግዲህ ለስነው» አለው። ጀሶም ልቡ ረግቶ መለሰኛ ካዞላውን አነሳ። ጎንበስ ሲል ግን ዓይኑ ቡኮው ላይ ቀረ። የእሱን አውራ ጣት የዛሬ አሥር ዓመት ብሎኬት ጨፍልቆታል፤ ጫፉ የለም፤ የሚተወው ምልክት ድቡልቡል ጉድጓድ ብቻ ነው። እዚህ የታተመው ከነጥፍሩ ሙሉ ጣት ነው።

«ይሄ ጣት የማን ነው፣ ወንድም ጋሼ?»

ወንድሙ አልካደም። «ያንተው ተሰብሮ አገኘሁትና ሌላ ተካሁ። ክፍሉ ከተዘጋ ማን ሥራ ይሰጠናል? መሬት እንደሆነች ድሮም ስትንቀሳቀስ የኖረች ናት። አንተን ጠብቃ መሰለህ?»

የወንድሙ ከንፈር ላይ የቀረው የቁርስ ቅባት፣ ትከሻው ላይ ያረፈው ያ እጅ፣ ሁሉም ጀሶን አስጠላው። ካዞላውን ጥሎ መዶሻና መሮ አነሳ።

ልስኑ በትልልቅ ቁራጭ ወረደ። የቁራጮቹ ጎን የቀለም ንብብር ነበር፤ አረንጓዴ፣ ክሬም፣ ሰማያዊ፣ ደግሞ ክሬም። አራት ዓመት፣ አራቱም የእሱ እጅ ሥራ። ወንድሙ ያታለለው በአንድ ጣት ነው፤ እሱ ግን ልጆቹን ሁሉ በሙሉ ግድግዳ። ያን ጊዜ ራሱንም ተጸየፈ።

ርዕሰ መምህርቷ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። እጃቸውን ስንጥቁ ውስጥ ሲሰዱት እስከ አንጓቸው ገባ፤ ከወዲያ በኩል የሚመጣ ነፋስ ነካቸው። ሁለቱንም ከክፍሉ አስወጥተው በሩን ቆለፉ።

ወንድሙ ሰላም ሳይለው ሄደ። ጀሶ ከቧንቧው ሥር ቆሞ እጁን በሳሙና ታጠበ፣ አሸተተው፣ እንደገና ታጠበ።