ጀማልን ባሕሩ የት አወጣው?

ባለፈው ሳምንት ሚኒባሳችን ሂርና ላይ ሰው ለመጫን ቆማ ሳለ ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት ስልኩን አሳየኝ። ቀይ ባሕር ላይ አንዲት መርከብ ነዳጅ አፍስሳለች፤ ካርታው ላይ ዛሬ የደረሰበት በቀይ፣ ነገ የሚደርስበት በቢጫ ተቀብቷል። «ነገ የት እንደሚደርስ በምን አወቁ?» አለኝ። ልነግረው እችል ነበር። በወጣትነቴ ያጠናሁት፣ ዛሬም እዚሁ ጭሮ የማስተምረው ትምህርት ነው። ግን በመስኮቱ አሻግሬ ኦቾሎኒ ሻጮቹን ሳይ አዴ ፈትያ ትዝ አሉኝ። «በነፋሱ ነው» ብቻ አልኩት።

ያኔ ከተማችንን ጭሮን ብዙ ሰው ገና በድሮ ስሟ አሰበ ተፈሪ ነበር የሚላት። እኔ ለሁለተኛ ዲግሪዬ ጥናቴን እየሠራሁ ክረምቱን ለማሳለፍ ቤተሰቦቼ ዘንድ መጥቻለሁ። የማጠናው ባሕር ላይ የፈሰሰ ነዳጅ እንዴት እንደሚስፋፋና እየቆየ ሲሄድ እንዴት እንደሚለወጥ ነው። ባሕር አይታ የማታውቅ የአሰበ ተፈሪ ልጅ ስለ ባሕር ትጽፋለች ብለው ጓደኞቼ ይስቁብኝ ነበር፤ እውነታቸውን ነው። የእኔ ባሕር ከትምህርት ክፍሉ በትውስት ያመጣሁት፣ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ውስጥ ነበር። የነፋሱንና የውሃውን አካሄድ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ነዳጁን በብዙ ነጥቦች ከፋፍሎ እያንዳንዷ የት እንደምትደርስ ካርታ ላይ ይስልልኛል። መብራት ሲጠፋ ባሕሩም አብሮ ይጠፋል። በዚያ ክረምት ደግሞ መብራት ለመጥፋት ትንሽ ካፊያ ይበቃው ነበር።

ለውጡን በዓይኔ ማየት ስለፈለግሁ ግቢያችን ውስጥ በሳፋ ጨው በጥብጬ፣ ከጋራዥ የለመንኩትን የተቃጠለ የሞተር ዘይት አፍስሼበታለሁ። ዝናብ ሲመጣ በቆርቆሮ እሸፍነዋለሁ፤ ፀሐይ ስትወጣ እከፍተውና በእንጨት አማስለዋለሁ። እናቴ ስለዚያ ሳፋ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችኝም።

አዴ ፈትያ ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ፣ መናኸሪያው በር ላይ ኦቾሎኒ የሚቸረችሩ ጎረቤታችን ነበሩ። አንድያ ልጃቸው ጀማል አብሮኝ ተምሯል። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ውሃ ጠጥቶ የማይጠግብ ልጅ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ከኋላዬ ተቀምጦ የፊዚክስ የቤት ሥራዬን ይገለብጣል፣ ስህተቴንም ጭምር። በዚያው ዓመት ጥር ላይ በጅቡቲ በኩል ወደ የመን ሲሻገር ጀልባዋ ተገለበጠች። የተረፈ አንድ የመቻራ ልጅ ተመልሶ፣ ጀማልን ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ቢጫ ጀሪካን አቅፎ ውሃው ላይ ሲርቅ መሆኑን ተናገረ።

ሽማግሌዎች መርዶ ሊያረዱ በማለዳ ሲመጡ አዴ ፈትያ በሩ ላይ ቆመው «ሬሳውን ያየ ይግባ» አሏቸው። ማንም አልገባም። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት አልተለቀሰም። ደጃፋቸው ላይ «አላህ ይርሐመው» ያለ ሰው ሰላምታቸውን አጣ። እንደ ድሮው ኦቾሎኒያቸውን ይቆላሉ፣ ይሸጣሉ፤ ምግብ ግን አይወርድላቸውም፤ ልብሳቸው ላያቸው ላይ ሰፋ። እህታቸው አንድ ቀን ለእናቴ «ካላለቀሰች ትሞትብናለች» ስትል ሰማሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ኦቾሎኒ ይዘው ወደ እኛ ግቢ ገቡ። ሳፋው አጠገብ ስደርስ ጎንበስ ብለው ያያሉ።

«ኢንተላ ቲያ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሳፋ በዘይት ይታጠባል እንዴ?»

ሳቅሁና ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሲፈስ በስሱ ይዘረጋል። ከዚያ ቀላል ቀላሉ በፀሐይ ተንኖ ይሄዳል። ማዕበል ሲመታው ከውሃው ጋር ተደባልቆ ይወፍራል፤ ከፊሉ ይሰምጣል፤ የተረፈው ጠጥሮ ዳር ይወጣል። የፈሰሰውና ዳር የደረሰው አንድ ነገር አይሆኑም።

«ዳር ይወጣል አልሽ?»

«አዎ።»

«የት እንደሚወጣ ታውቂያለሽ?»

«ነፋሱና የውሃው አካሄድ ከታወቀ፣ በግምት።»

ሊሰጡኝ የዘረጉትን ኦቾሎኒ ወደ ደረታቸው መለሱ።

«ሰውስ?»

ስለ ጀማል እየጠየቁኝ መሆኑ ገባኝ። ሰው እንደ ዘይት ላይ ላዩን እንደማይሄድ፣ ግማሹ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ነፋሱ የዚያን ያህል እንደማይገፋው ተናገርኩ። ሂሳቡ ለሰው ይሠራል ወይ ሲሉኝ ግን አይሠራም ማለት አልቻልኩም። ተስተካክሎ ይሠራል።

«እንግዲያው ሥሪልኝ» አሉና ኦቾሎኒውን አስጨበጡኝ።

አባቴ ጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ሁሉ ነገር በወጉ ካልሆነ አይወድም። ሲሰማ ተቆጣ። «መርዶ የሚያረዳው ሽማግሌ ነው እንጂ ኮምፒውተር አይደለም! ቆይ፣ ካመነችሽ በኋላስ?» አለኝ። ሴትዮዋ ዓይናችን እያየ እያለቁ ነው፣ የጠየቁኝም ራሳቸው ናቸው፤ ከዚህ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

የመቻራውን ልጅ አስፈልጌ ጀልባዋ የት አካባቢና መቼ እንደተገለበጠች ጠየቅሁት። በጥር በባሕሩ ጠባብ መተላለፊያ የሚገባው ነፋስ ከደቡብ ነው። ነጥቦቹን ለቀቅኋቸው፤ ወደ ሰሜን ተጓዙ። ጥቂቶቹ የየመን ዳርቻ ላይ ወጡ፤ አብዛኞቹ ባሕሩ ላይ ቀሩ። እስከዚያን ቀን ነጥብ ለእኔ ነጥብ ነበር። ያን ዕለት ላፕቶፑን ከድኜ አለቀስኩ።

በማግስቱ ጠዋት አዴ ፈትያ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ካርታውን ከፈትኩላቸው። መብራት አልጠፋም።

«እነዚህ ሁሉ ጀማል ናቸው?»

«አይደሉም፣ አዴ። ጀማል ሊሄድባቸው የሚችላቸው መንገዶች ናቸው።»

«መሬት የነኩት ቶሎ ነው የደረሱት?»

«ቶሎ አይደለም። ቀናት ይወስድባቸዋል።»

ውጭ ጫት የጫነ አይሱዙ ጥሩንባውን እያንባረቀ አለፈ።

«ልጄ ያለ ውሃ ቀናት አይቆይም» አሉ ቀስ ብለው። ከጥር ወዲህ እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ቀጥለውም፣ «እዚያ ዳር ያሉት ሰዎች እስላሞች ናቸው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ስለዚህ አጥበውታል። ሰግደውበታል። አፈር አልብሰውታል።»

«አዴ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም። አብዛኞቹ ነጥቦች ዳር አልደረሱም። ባሕር ላይ ነው የቀሩት።»

«አየሁ እኮ፤ ዓይን አለኝ» አሉ። «የኔ ልጅ ግን አንድ ነው። ለአንድ ሰው አንድ ነጥብ ይበቃዋል።» ጣታቸውን ዳርቻው ላይ ካሉት አንዷ ላይ አሳረፉ። «ይቺ የሱ ናት።»

ከዚያ ተነሥተው ግቢው መሃል ቆሙና ያ ዳርቻ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁኝ። ሲሰግዱ ወደሚዞሩበት ወደ ቂብላ፣ ትንሽ ወደ ፀሐይ መውጫ ዘንበል ብሎ ነው አልኳቸው። ወደዚያ ዞሩ፣ ሻርፓቸውን ከራሳቸው ላይ ገፈፉ፣ «ያ ኢልመ ኪያ!» ብለው ጮኹ። ልጄን! ያ ጩኸት ከጥር ጀምሮ ሲጠራቀም የኖረ ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ገቡ። የድንኳኑን ቋሚ ሊተክል መጀመሪያ የሮጠው የተቆጣኝ አባቴ ነው። ከዙሁር ሶላት በኋላ መስጊድ ውስጥ ሬሳው በሌለበት ተሰገደለት። አመሻሹ ላይ እናቴ የወሰደችላቸውን አጥሚት አዴ ፈትያ እስከ ታች ጠጡ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። እኔ ጥሩ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ አሁንም ይመስለኛል።

ወሬው ግን እዚያው ሰፈር አልቀረም። ክረምቱ ሳይወጣ አንዲት በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ሕፃን አዝላ፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆኖ፣ ከበደሳ ከተማ መጣች። የባሏን ፎቶ ይዛለች። ባሏ የተሳፈረባት ጀልባ ባለፈው ዓመት ነሐሴ ከሶማሌ ጠረፍ ተነሥታ ጠፍታለች። የነሐሴን ነፋስ አውቀዋለሁ፤ ወደ ሰፊው ውቅያኖስ ነው የሚገፋው። ቢሆንም ሠራሁላት። መነሻውን እየቀያየርኩ ደጋግሜ ሠራሁላት። ነጥቦቹ ሁሉ እየተበተኑ ከካርታው ጠርዝ ወጡ።

«አንድም?» አለችኝ።

«አንድም» አልኳት።

ልጇን አዝላ ስትነሣ፣ እንደ አዴ ፈትያ ወዴት ዞራ እንደምታለቅስ ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጠየቀችኝም። ሻይዋን ሳትነካው ሄደች።

ዛሬ መሣሪያው ረቅቋል፤ ተማሪዎቼ በአንድ ከሰዓት የሚሠሩት እኔ ክረምቱን ሙሉ የደከምኩበትን ነው። ግምታችን ምን ያህል እንደሚታመን ሲጠይቁኝ ሰሌዳው ላይ ጽፌ አስረዳቸዋለሁ። ያ የታዘለ ሕፃን ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል። አንድ ቀን መጥቶ «አባቴ በየት በኩል ነው?» ቢለኝ የምጠቁምበት አቅጣጫ ግን አሁንም የለኝም።