በእህል ሚዛን የለካሁት ሰውነቴ

የቀኝ እግሬ ሸበጥ ወልቆ መቅረቱን ያወቅኩት አንዱ ወዛደር አንሥቶ ሲያመጣልኝ ነው። ከመጋዘኑ ጫፍ እስከ ጫፍ በባዶ እግሬ ሄጃለሁ። ጣቶቼ አልነገሩኝም።

ቆቦ ውስጥ ጤፍና ማሽላ እነግዳለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ። ሰው ሁሉ «ተመችቶሃል» ስለሚለኝ ውፍረቴ በሽታ አልመሰለኝም። የሸበጡ ነገር ግን አሳስቦኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ ሐኪሙ ደሜን አስመረመረ። ስኳር ነው፤ ጣቶቼን ያደነዘዘውም እሱ ነው። ዋጃ ያለው ታላቅ ወንድሜ በዚሁ ስኳር አንድ እግሩ ተቆርጧል። ፈራሁ፤ ወላሂ በጣም ፈራሁ።

ሐኪሙ ሜትፎርሚን የሚባል ክኒን አዘዘልኝና ወደ ሥነ ምግብ ባለሙያዋ መራኝ። እሷም ስኳርና ለስላሳ አስቆመችኝ፣ እንጀራዬን በግማሽ ቀነሰች፣ ምስርና ጎመን ጨመረች። በሦስት ወር ተመልሼ እንድመረመር ተቀጠርኩ።

በየሳምንቱ ሰኞ እህል የምመዝንበት ሚዛን ላይ እወጣ ጀመር። መጀመሪያ አንድ መቶ ሃያ ስድስት ኪሎ ነበርኩ። ወዛደሮቹ «ከነጆንያው ነው ወይስ የተጣራ?» እያሉ ይስቁብኛል። ወረደ፣ ወረደ፤ አንድ መቶ አሥራ ስምንት ላይ ቀጥ አለ። ቁርሴን ተውኩ። እራቴንም ተውኩ። ንቅንቅ የለም። ይኼኔ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ሚዛኑን ወነጀልኩት። ከጎረቤት ነጋዴ ሌላ ሚዛን ተውሼ አንዱን ጆንያ ማሽላ በሁለቱም መዘንኩ፤ እኩል ወጣ። ታዲያ ሳልበላ የምከብደው በምንድን ነው? ነገሩ ስላላስተኛኝ ቀጠሮዬ ሳይደርስ ባለሙያዋ ዘንድ ሄድኩ።

ሳቋን ዋጥ አደረገችና «ጋሽ ሰይድ፣ ሰውነትዎ ረሀብ የመጣ መስሎት ነው» አለችኝ። ክብደት ሲቀንስ ሰውነት የሚያቃጥለውም እንደሚቀንስ፣ ሜታቦሊዝም የሚሉት እሱ እንደሆነ፣ ምግብ ስተው ደግሞ ጡንቻዬም አብሮ እንደሚሟሽሽ አስረዳችኝ። ክፉ ቀን ሲመጣ ከጎተራው ቆጥቦ የሚያወጣ ገበሬ ስንቱን አውቃለሁ፤ የገዛ ሰውነቴ እንደዚያ ማድረጉ ግን ደነቀኝ። ቁርስና እራቴን መለሰችልኝ፣ እንቁላልና ባቄላ ጨመረችበት፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ጎብዬ በሚወስደው መንገድ ግማሽ ሰዓት እንድራመድም አዘዘችኝ። ባለቤቴ ዘሀራ «ለመክሳት ብላ ሲባል ዛሬ ሰማሁ» እያለች ትቀቅልልኛለች፤ እግሬንም በየቀኑ እየገለበጠች እኔ የማይሰማኝን ቁስል ትፈልጋለች።

ሦስት ወሩ ደረሰ። አንድ መቶ አሥራ ስድስት ኪሎ። አፍሬ ገባሁ። ሐኪሙ ውጤቱን አየ። ደግሞ አየ።

«ስኳርዎ በደንብ ወርዷል» አለኝ። ኪሎዬ ብዙም አለመቀነሱን ስነግረው፣ «ኪሎው ጊዜ ይወስዳል፤ ደምዎ ግን ቀድሞታል» አለ።

አልሐምዱሊላህ። ጣቶቼ ዛሬም ድንዝዝ ናቸው፤ ይመለሳሉ ብሎ የዋሸኝም የለም። ግን እግሬ አለ። ያቺን ባለሙያ ምርቃቴ አይለያት፤ ዘሀራንም አላህ ያቆይልኝ። እንደኔ የወፈራችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሚዛኑ ሲቆምባችሁ ምግብ አትተዉ፤ ሄዳችሁ ጠይቁ። እግራችሁንም ሰው ይይላችሁ።

ዋጃ ሄጄ ይኼን ሁሉ ለወንድሜ አወራሁለት። «ያኔ የነገረኝ አልነበረም» አለና የቀረችውን እግሩን ዘረጋልኝ። አጎንብሼ ጣት በጣት አየኋት።