አንዲት ሥዕል ፍለጋ ወደ ሸጎሌ

ንጋት፣ ሽሮ ሜዳ

ገና ሳይነጋ ከቤት ወጣሁ። ካሜራው በአንድ ትከሻዬ፣ ማቆሚያው በሌላው። ትናንት ሙሉ ቀን ማተሚያ ቤት ቆሜ ስለዋልኩ ወገቤ የእኔ አይመስለኝም። የጋቢና የነጠላ ሱቆች አልተከፈቱም፤ አንዱ በር ላይ የተኛ ውሻ ቀና ብሎ አየኝና መልሶ ተኛ። ቀናሁበት።

የምሄደው ለአንድ ገጽ ነው። እኔና አንድ ጓደኛዬ ስማቸው ገና ላልተሰማ ሠዓሊዎች የሥዕል መጽሐፍ እናሳትማለን። ቢሯችን የእኔ ሳሎን ነው። የአሁኑ መጽሐፍ የሜሮን ነው፤ ሸጎሌ የምትኖር ወጣት ሠዓሊ፣ የመጀመሪያዋ መጽሐፍ። ትናንት የሙከራ ህትመቱን ሳይ የመሀሉ ሥዕል፣ እናቷን የሣለችበት፣ ብዥ ብሏል። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ማተሚያ ቤቱ እስከ ዛሬ ማታ ይጠብቀናል፤ ካለፈ ተራችን ለሌላ ይሰጣል፣ መቼ እንደሚመለስ ደግሞ ማንም አይነግረንም። ስለዚህ እንደገና ላነሳው እየሄድኩ ነው።

ረፋድ፣ አዲሱ ገበያ

ታክሲ ቀያይሬ አዲሱ ገበያ ደረስኩ። እዚያም ሰልፍ። ሻይ በፓስቲ ቆሜ ቀማመስኩና በመጨረሻ ከሾፌሩ አጠገብ ቦታ አገኘሁ። ሾፌሩ ማቆሚያውን አየ።

"ፊልም ነው የምትሠሩት?"

"መጽሐፍ።"

"የምን?"

"የሥዕል።"

ማርሽ ቀየረ። "ታዲያ ምኑ ይነበባል?"

ይህን ጥያቄ ስንቴ ሰምቼዋለሁ። መስኮቱን ከፍቼ መንገዱን አየሁ።

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል፣ ሸጎሌ

በአንድ ወገን አዲስ ፎቅ፣ በሌላው በግ የጫነ አይሱዙ፣ መሀል ላይ አቧራ። የሜሮን እናት እትዬ አስካለ በበግ ገበያው ዳር ድርቆሽ ይሸጣሉ። ሲያዩኝ ከተቀመጡበት የድርቆሽ እስር ላይ ተነሱ።

"የእኔ ገጽ ደረሰ?"

"ዛሬ ይደርሳል፣ እትዬ።"

ለሥዕሉ የተቀመጡት በስንት ልመና ነው። ሥራ ፈትቼ አልጎለትም ብለው ልጃቸውን አስጨንቀዋት ነበር። አሁን መጽሐፉን የሚጠብቁት ለዚያች ገጽ ብቻ ነው። ድርቆሹን ለጎረቤት አደራ ብለው አብረውኝ መጡ።

ሜሮን ወደ ሥራ ክፍሏ አስገባችን። ሥዕሉን እንድታወጣልኝ ጠየቅኳት። አልተንቀሳቀሰችም። ግድግዳውን ተደግፎ አንድ ትልቅ ሸራ ቆሟል፤ መኪና ላይ የተጫኑ በጎች፣ ቀለሙ ገና ይሸታል።

"ይሄ ነው" አለች።

"ምኑ?"

"ሸራው። እ... ማለቴ፣ ሸራ አልቆብኝ በእማ ሥዕል ላይ ሣልኩበት፣ ጋሼ። መጽሐፍ ውስጥ ከገባ አይጠፋም ብለውኝ የለ?"

ብያለሁ። ለሁሉም ሠዓሊ እላለሁ፤ አፌ የለመደው ነገር ነው። አምኖኝ ሥዕሉን የሚሸፍን ሰው ይመጣል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። አፈርኩ። ቀና ብዬ እትዬ አስካለን ማየት አቃተኝ።

"በላዬ ስትቀባ እዚሁ ነበርኩ" አሉ እሳቸው። "መጽሐፉ ላይ አለሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

የሙከራ ህትመቱን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ብዥ ያለውም ቢሆን ይበቃቸው ይሆናል ብዬ ነበር። አራቁት፣ አቀረቡት።

"ይቺ ማንም ልትሆን ትችላለች" ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ።

ከዚያ ወደ ሸራው ተጠጉ። "ፊቴ እዚህ ጋ ነበር። የዚች በግ ሆድ ሥር።"

"አሁንም አለሽ፣ እማ። አልፋቅኩሽም እኮ" አለች ሜሮን።

"ካለሁማ ይኸኛውን ያንሱትና ስሜ ይጻፍበት። ምን ያስቸግራል?"

እኔና ሜሮን ተያየን። ማቆሚያውን ዘረጋሁ። ትንፋሼን ይዤ ደጋግሜ አነሳሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ካሜራ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ማምሻውን፣ ሽሮ ሜዳ

ፎቶውንና ጽሑፉን ለማተሚያ ቤቱ ልኬ ተመለስኩ። ሱቆቹ ሳይዘጉ ደርሼ ለሜሮን ሸራ የሚሆን ወፍራም አቡጀዲ ገዛሁ። ሸክሜ ጨመረ። ዳገቱን አጋምሼ ሳርፍ ስልኬ ጮኸ፤ የማተሚያ ቤቱ ሰው ነው።

"ጋሼ፣ የመሀሉ ገጽ ተሳስቷል። ሥዕሉ በግ ነው፤ ጽሑፉ ግን 'እናቴ አስካለ' ይላል። የቱን ልቀይር?"

"አልተሳሳተም።"

"እናትየዋ ታዲያ የት አሉ?"

"ከበጎቹ ሥር። እንዳለ እተመው።"

እሺ አለ። ስልኩን ሳይዘጋው ማሽኑ ሲነሳ ሰማሁ። አቡጀዲውን ጭኔ ላይ አድርጌ የሰው ቤት ደረጃ ላይ ተቀመጥኩና አዳመጥኩት።